ያልቀመስኩት ቴምር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። ለስላሳ ተከፈተ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆነው ኃላፊያችን ብድግ ብሎ ንግግር አደረገ። «አቶ ታደሰ ማለት ምላሳቸው ከላቦራቶሪ የሚበልጥ ሰው ናቸው። እሳቸው ቀምሰው የፈረሙበት ፋይል አንድም ቀን ተሽሮ አያውቅም» ሲል ጭብጨባው ቀለጠ። እኔ ጋቢውን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ቁጭ አልኩ። ዓይኔ እንባ ማቅረሩን ያየ ጎኔ የተቀመጠ የሥራ ባልደረባዬ «አይዞህ ጋሼ፣ ጡረታ እኮ ሞት አይደለም» ይለኛል። ኧረ ወዲያ! የጡረታው ነገር መቼ ቆረቆረኝ። አንድ ፋይል ነበር። ያ ፋይል ሳይሻር የቀረው ትክክል ሆኖ አይደለም፤ እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ ስለዋሸሁ ነው።

ይህን የምጽፈው ስለዚያ ፋይል ነው። ነገር ግን ሥራዬን ሳታውቁ ጥፋቴ አይገባችሁምና ከሥሩ ልነሣ።

እኔ የዳባት ልጅ ነኝ። ብርድ ላይ ተወልጄ ብርድ ላይ ያደግሁ ሰው ጉምሩክ ቀጠረኝና ወደ ሱዳን ድንበር ቆላ ላይ ጣለኝ። የመጀመሪያውን ዓመት ወባና ላብ እየተፈራረቁብኝ በምን ጉልበት እንዳለፍኩት እንጃ። ደመወዙም ደመወዝ አይባልም ነበር፤ እሱን ተዉት።

ሰው ጉምሩክ ሲባል የሚታየው ሻንጣ የሚበረብር ፈታሽ ነው። የእኔ ሥራ ሌላ ነበር። ወደ አገር የሚገባም ሆነ ከአገር የሚወጣ ዕቃ ሁሉ በታሪፍ መጽሐፉ ውስጥ የተመደበለት አንድ ቦታ አለው። ነጋዴው ዕቃው ምን እንደሆነ በዲክላራሲዮን ጽፎ ይመጣል፤ እኔ ዕቃውን አይቼ «አዎ፣ እንዳልከው ነው» ወይም «አይደለም» እላለሁ። በዚያ ጣቢያ ደግሞ ዕድሌ የጣለኝ የደረቀ ፍራፍሬ ላይ ነው። ከወዲያ ቴምርና ዘቢብ ይገባል፣ ከወዲህ የቆላው ኮምጣጣ ፍሬ ሁመር ይወጣል።

ቀላል ይመስላል አይደል? እኔም መስሎኝ ነበር። የታሪፍ መጽሐፉ ምዕራፍ ስምንት ፀሐይ ያደረቀው ፍራፍሬ ቤት ነው። ምዕራፍ ሃያ ደግሞ የሰው እጅ ያበሰለው፣ በስኳር የነከረው፣ ያሸው ሁሉ የሚገባበት ነው። ቀረጡ ይለያያል። ስለዚህ ስኳር የጠጣ ቴምር ይዞ «የደረቀ ቴምር ነው» ብሎ የጻፈ ነጋዴ ሐሰተኛ ዲክላራሲዮን አቀረበ ይባላል፤ ከቀረጡ ይልቅ የሚጎዳው ይህ ስም ነው። ችግሩ ግን ቴምር በራሱ ስኳር ነው። የራሱን ስኳርና የሰውን ስኳር በምን ትለየዋለህ?

ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ አየነው ናቸው። የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ናቸው፤ ከሲታ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ፣ ሰው ሲያጣድፋቸው ይብስ የሚዘገዩ። እንዴት እንደሚቀምሱ ልንገራችሁ። መጀመሪያ አፋቸውን ሦስት ጊዜ ይጉመጠመጣሉ። ጨው የሌለው ደረቅ ዳቦ ቆርሰው ያኝካሉ፣ እንደገና ይጉመጠመጣሉ። ከዚያ ለነጋዴው ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ መስኮቱ ይዞራሉ።

«ለምንድን ነው የሚዞሩት?» አልኳቸው መጀመሪያ ሰሞን።

«ሰውዬው ፊቴን እያየ ነፍሱ ትወጣለች። እኔም የእሱን ጭንቀት ካየሁ ምላሴ ያዳላል። ምን በወጣን!»

ቴምሩን ሳያኝኩ ምላሳቸው ላይ ያቆዩታል። የተጨመረ ስኳር ከሆነ ወዲያው ይመጣል፣ ወዲያው ይሄዳል። የቴምሩ የራሱ ጣዕም ግን ይዘገያል፤ ሲመጣም ትንሽ ምላስ ያዝ ያደርጋል፤ በተለይ ጠንካራዋ የውስጥ ፍሬ አጠገብ። እዚያ ድረስ ካልሄድክ አታውቀውም። ስለዚህ ፍሬዋን እስክትራቆት ድረስ ይመጧታል። ከዚያ አድርቀው በትንሽ ፖስታ ይከቷትና ከፋይሉ ጋር ያያይዟታል። «ይህቺ የኔ ምስክር ናት። ፊርማ ማንም ይፈርማል» ይሉ ነበር።

በጾም ወቅትስ? ጋሽ አየነው ጾም ሲሆን ፋይሉ ሽፋን ላይ በእርሳስ «ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ» ብለው ይጽፉና ወደ ጎን ያስቀምጡታል። ሹፌሩ ቢጮህ፣ ነጋዴው ቢለምን፣ አለቃ ቢቆጣ ጆሮ ዳባ ልበስ። አንድ ቀን ኃላፊው መጥቶ «አንድ ፍሬ ቴምር ቀመስክ ብሎ እግዜር አይኮንንህም፣ መኪናው መንገድ ዘጋብኝ!» ብሎ ደነፋባቸው። ጋሽ አየነው ሰዓታቸውን አይተው «ሁለት ሰዓት ነው የቀረው ጌታዬ፤ ጥላ ሥር ይቆሙ» አሉት። በሳቅ ልሞት።

እኔ በመጀመሪያው ወር ዘይት ያብረቀረቀው ዘቢብ አይቼ «ይህ የተቀነባበረ ነው፣ ምዕራፍ ሃያ» ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው። ነጭ ወረቀት አመጡና ዘቢቡን አሹበት፤ ወረቀቱ ላይ ዘይት ታተመ። «አየህ? እንዳይጣበቅና መልኩ እንዲያምር ትንሽ ዘይት ቀብተውታል። ፊቱን ቅባት የተቀባ ሰው ሌላ ሰው ይሆናል እንዴ? ምዕራፍ ስምንት ነው» ብለው የጻፍኩትን ቀደዱት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከአገር የሚወጣ ሁመር መጣ፤ ጥቁር ነው፣ ደረቅ ነው፣ እኔ አይቼ አሳልፌው ነበር። እሳቸው ቀመሱና ዞር ብለው «ልጄ፣ ሁመር አፍህን ካላኮማተረ ምን ሁመር ነው?» አሉኝ። በስኳር ታሽቶ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ማመን ተውኩ። ተውኩ ብዬ ነበር።

ሐጂ ሱሩርን ያወቅኳቸው በዚያ ጣቢያ ነው። የደባርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃቸው ገበያው አፋፍ ላይ። ቴምር የሚያመጡት ለረመዳን ነው፤ የከተማው ሙስሊም ሁሉ የሚያፈጥረው በእሳቸው ቴምር ነበር። ዘቢብ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ያመጣሉ። መቼም የእኛ ቅዱስ ቁርባን ከዘቢብ እንደሚጨመቅ ታውቃላችሁ፤ ካህናቱ ዘይት የነካው ዘቢብ አይቀበሉም። ሐጂ ለዚህ ሲሉ ዘይት ያልተቀባውን ለይተው፣ በንጹሕ ከረጢት ለብቻው አሽገው፣ ከቴምሩ ሳይነካካ ያመጡት ነበር። ከደረስጌ ድረስ ሰው እየተላከ ከእሳቸው ይወስድ ነበር። በኋላ እኔም የገባሁበት የደባርቁ ደብር ቄሰ ገበዝ አስረስ «የሐጂ ነው ወይ?» ብለው ብቻ ይጠይቃሉ፤ አዎ ከተባሉ ከረጢቱን እንኳ አይፈቱም።

ዓመታት አለፉ። ጋሽ አየነው ጡረታ ወጡና አገራቸው ገቡ። ደባርቅ ላይ ትንሽ የጉምሩክ ቢሮና መጋዘን ሲከፈት እኔ ተዛወርኩ። ከድንበር ታሽጎ የመጣ ዕቃ እዚህ ይፈታል፣ እዚህ ይመደባል። ተመስገን አልኩ። ባለቤቴ እናኑም ደስ አላት፤ ቤት ሠራን፣ ከደብሩም ሰንበቴ ገባን። እኔም ትልቅ ሰው ሆንኩ። «አቶ ታደሰ ካሉ አልቋል» ይባል ጀመር። ይህቺ ወሬ ናት ያሳበደችኝ።

ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገጠሙበት ዓመት ነበር፤ ቀኑ ዓርብ። እኔና እናኑ በቁርባን የተጋባን ነንና በዚያ ቀን ልንቆርብ ተዘጋጅተናል። በዐቢይ ጾም ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው የሚገባው፤ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፌ አልዞረም። ነጭ ነጠላዬን ይዤ መሥሪያ ቤት ገባሁ፤ ወንበሬ ላይ አንጠለጠልኩት። ሥራዬን በጊዜ ጨርሼ ከቢሮ ቀጥታ ልሄድ ነው። እውነቱን ልናገር፤ ነጠላዬን ሰው እንዲያየውም ፈልጌያለሁ።

አምስት ሰዓት ላይ የሐጂ ሱሩር መኪና መጣ። ረመዳን ገና መግባቱ ነው፤ ሰው ቴምሩን በጉጉት ይጠብቃል። መጋዘን ገብተን ካርቶን አስከፈትኩ። ቴምሩ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ቅርፊቱ ላይ ነጭ ነጭ ደቃቅ ነገር አለ፤ በጣቴ ሳሸው ይንኮሻኮሻል። ስኳር ነው።

«ይሄ ምንድን ነው ሐጂ?»

«ቆላው መኪና ውስጥ አቀለጠው፤ እዚህ ሲወጣ ብርዱ አደረቀው። የራሱ ወዝ ነው። እስቲ እንደ ልማድህ እየው።»

እንደ ልማዴ! ልማዴ መቅመስ ነው። ያን ቀን መቅመስ ደግሞ አልችልም። ሁለት ቀና መንገድ ነበረኝ። አንደኛው «ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ» ብሎ ጽፎ መሄድና ተመልሶ መምጣት። ሁለተኛው ቅጹ ላይ «በመቅመስ» የሚለውን ሣጥን ባዶ መተው፤ ባዶ ከሆነ ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ከቆረብኩ በኋላ ተመልሼ ቢሮ መግባት አላማረኝም፤ ቤታችን ጎረቤት ይመጣል፣ የክብር ቀን ነው። ሣጥኑን ባዶ መተው ደግሞ «ታደሰ መለየት አቃተው» ሊያሰኝ ነው። በዚህ ላይ ያየሁት ስኳር ዓይኔ ላይ ቦግ ብሏል።

ሐጂ ነጠላዬን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጋሽ አየነው ቢሆኑ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይሉ ነበር» አሉ።

ደሜ ፈላ። «ሐጂ፣ ሥራዬን ሊያስተምሩኝ ነው እንዴ?» አልኩ፤ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ።

«ኧረ አይደለም፤ አፉ በለኝ» ብለው ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ።

አንድ ቴምር አነሣሁ። እንደ ጋሽ አየነው ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እዚያ ዞሬ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? በጥፍሬ ሰነጠቅኩት፣ ፍሬዋን አወጣሁ፣ ሥጋውን መሐረቤ ውስጥ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። ጉንጬን ሁለቴ አንቀሳቀስኩ። እፍረት ይግደለኝ፣ አንቀሳቀስኩ! ፍሬዋን ፖስታ ውስጥ ጨምሬ ከፋይሉ ጋር አያያዝኩ። በማየት፣ ምልክት። በመዳሰስ፣ ምልክት። በመቅመስ፣ ምልክት። «በስኳር የታሸ፣ ምዕራፍ ሃያ፣ ዲክላራሲዮኑ ሐሰተኛ» ብዬ ፈረምኩና ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ።

ቆረብኩ። ያን ቀን የቆረብኩት ከሐጂ ሱሩር ዘቢብ ከተጨመቀው ነው። ከዚህ በላይ አልልም።

ሐጂ አቤት አሉ። በሳምንቱ ከበላይ ቢሮ ስልክ ተደወለልኝ፤ አቤቱታ የምታየው ሴትዮ ናት።

«አቶ ታደሰ፣ ነጋዴው የራሱ ስኳር ነው ይላሉ። ቀምሰውታል?»

«እመቤቴ፣ እኔ በዚህ ሥራ ስንት ዘመን የቆየሁ ሰው ነኝ።»

«እሱን አላጣሁትም። ጥያቄዬ ቀምሰውታል ወይ ነው።»

መዳኛዬ ያቺ ጥያቄ ነበረች። ሴትዮዋ በሩን ከፍታ ያዘችልኝ። እኔ ግን «አዎ፣ ቀምሻለሁ» አልኩ።

«እንግዲያ ናሙና መላክ አያስፈልግም» አለችና ዘጋችው።

ረመዳን አለቀ። ቴምሩ እንደታሸገ መጋዘን ውስጥ ቀረ። ክረምቱ ገባና ካርቶኑ ሻገተ፣ ነቀዝ ወረረው፤ በመጨረሻ ከከተማ ወጣ ብሎ ጉድጓድ ተቆፍሮ ተቀበረ። የሐጂ የአስመጪነት ፈቃድ ታገደ። ይህ ሁሉ ያልፋል፤ ስሙ ነው ያላለፈው። ገበያው ላይ «ሐጂ ቴምሩን በስኳር ያሹት ነበር አሉ» ተባለ። ስንት ዓመት በቴምራቸው ያፈጠረ ሰው ዓይኑን ያዞርባቸው ጀመር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ተቀምጠናል። ቄሰ ገበዝ አስረስ ስለ ዘቢብ ነገር አነሡ። «ቴምሩን ያጭበረበረ ሰው ዘቢቡንስ በምን አምነን እንቀበላለን? የመሰከረው ደግሞ ቀምሶ የሚያውቀው ልጃችን ነው» አሉና ወደ እኔ አዩ። ሰው ሁሉ አየኝ። እናኑ አየችኝ። እኔ ጠላዬን ብድግ አድርጌ ጠጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሐጂ ዘቢብ በደብራችን ቆመ፤ ወሬው ሲደርስ ደረስጌም ቆመ።

እስከዚያ ድረስ እንኳ «ምናልባት ትክክል ነኝ» እያልኩ ራሴን እሸነግል ነበር። በአዲሱ ዓመት ኅዳር መግቢያ ላይ ሌላ ነጋዴ ቴምር አስገባ። ካርቶኑን ስከፍት ያው ነው፤ የተጣበቀ፣ ነጭ የሚንኮሻኮሽ። ክው አልኩ። ቀኑ ጾም አይደለም። ተጉመጠመጥኩ፣ ዳቦ አኘክሁ፣ ዞርኩ፣ ቀመስኩ። ጣዕሙ ዘግይቶ መጣ፤ ፍሬዋ አጠገብ ምላሴን ያዝ አደረገው። የሰው ስኳር የሚባል ነገር የለበትም። ሐጂ እንዳሉት ቆላው አቅልጦት ደጋው ያደረቀው የራሱ ወዝ ነው። እኔ ከሥር ቆላ ላይ ስሠራ የኖርኩ ሰው ቴምር ብርድ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን አይቼ አላውቅም ነበር፤ ደባርቅ ላይም እስከዚያ ዓመት እንዲህ ቀልጦ የመጣ አልገጠመኝም። አለማወቁ ባልከፋ፤ መቅመስ ነበረብኝ እንጂ።

የዚያን ቀን ለጋሽ አየነው ደወልኩ። ታመዋል፤ ድምፃቸው ሰልሏል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አለመቅመሴን ብቻ ዘለልኩት። እሳቸው ግን «ታዴ፣ ፖስታው ውስጥ ያለችው ፍሬ ምን ትመስላለች?» አሉኝ።

«ሄሎ? ሄሎ? ጋሼ፣ መስመሩ አስቸገረ» ብዬ ዘጋሁባቸው። ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም። ቀብራቸው ላይ ቆሜ ያለቀስኩትን ልቅሶ ሰው ሁሉ የፍቅር መሰለው።

ሐጂ ሱሩር ሱቃቸውን ወደ ፕላስቲክ ጫማና ባልዲ አዞሩት። ወደ ሥራ ስሄድ በዚያው ነው የማልፈው። መንገድ ለመቀየር ሞክሬያለሁ፤ ጭቃ ለጭቃ ዞሬ፣ ባጃጅ ተሳፍሬ ፊቴን ሸፍኜ አልፌያለሁ። ያዩኝ ቀን ሁሉ ግን «እንዴት አደርክ ታደሰ? እናኑ ደኅና ናት?» ይሉኛል። ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት! ዓመታት በዚህ ሰላምታ ተቀጣሁ።

እንግዲህ ያ የሽኝት ንግግር የመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። ጋቢዬን ይዤ ቤቴ ገባሁና ለእናኑ ሁሉንም አወጣሁላት። ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። «እኔም ጎንህ ቆሜ ነው የቆረብኩት» ብቻ አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ለንስሐ አባቴ ሄጄ ተናገርኩ። «ቀኖናውን እሰጥሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን የበደልከው ሰው ዘንድ ሂድ» አሉኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ሄድኩ። ሐጂ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠዋል፤ አርጅተዋል። በርጩማ ጎተቱልኝ፤ እንግዳ ሲመጣ እንደ ወጉ የሚያቀርቡትን ቴምር በሰሐን አምጥተው አጠገቤ አኖሩ። ከአንድ ዘመዳቸው የተላከላቸው ነው።

«ሐጂ፣ ያን ጊዜ ቴምርዎን አልቀመስኩትም» አልኩ። እንደምንም ወጣልኝ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምን?»

«አቤቱታውን ሳቀርብ ፋይሉን አሳዩኝ። ፖስታውን ከፈትኩት። ፍሬዋ ላይ ሥጋው እንዳለ ተጣብቆ ነበር። ቴምር የበላ ሰው ፍሬውን እንዲያ አድርጎ አይተወውም። እኔ ቴምር ስበላ ነው ያረጀሁት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ለምን አላጋለጡኝም?»

«ምን ብዬ? እሱ በቁርባኑ ቀን ዋሸ ብዬ? በሁለታችንም ጾም ውስጥ? እኔ ሙስሊም ሆኜ ያንን ብናገር ነገሩ ከቴምር ያልፋል፤ ከተማችንን አታውቃትም? እዚያው መጋዘን ውስጥም ቅመስ ብዬ ልወተውትህ አልቻልኩም፤ ነጠላህን አይቼዋለሁ። ጾም እንዴት አስፈታሃለሁ?» ጫማ የሚያይ ደንበኛ አሳለፉ። «ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብዬህ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ልቡ ይመለሳል፣ ይመጣል ብዬ መጋዘኑ በር ላይ ቆየሁ። መግሪብ እስኪል ቆየሁ። ዘበኛው ውሃ ሰጠኝ፤ በሱ አፈጠርኩና ወደ ቤቴ ገባሁ።»

በዚያች ሰዓት እኔ ቤቴ ጎረቤት ሰብስቤ ምርቃት እቀበል ነበር። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «ተው ተው፣ ሰው ያያል» ብለው በክንዴ ጎትተው አስነሡኝ። ምን እንደማደርግ ጠፋኝና ከሰሐኑ አንድ ቴምር አንሥቼ ወደ አፌ ስሰድ እጄን ያዙት።

«ረቡዕ ነው ታደሰ።»

ረስቼው ነበር። እሳቸው አልረሱትም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

«ምን ላድርግ ሐጂ? ምን ልካስ?»

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔማ አውቀዋለሁ። ለሰሙት ንገር።»

የዚያን ቀን ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ እንዳልቀመስኩ፣ በስልክም እንደዋሸሁ፣ ፖስታውን ከፍተው እንዲያዩ። እስካሁን መልስ የለም። ምልክት ያደረግሁበት ቅጽ ራሱ ቀርቷል፤ ዛሬ ሁሉም በኮምፒውተር ነው፣ መቅመስ የሚል ሣጥን የለውም። ያ የሽኝት ንግግር ያደረገው ኃላፊ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ብሎኝ ቶሎ ያልፋል። እኔም ሐጂን እንዲሁ ሳልፋቸው ኖሬያለሁና ምን እላለሁ።

እሑድ ሰንበቴው ላይ ቆምኩ። ስንት ጊዜ በዚያ ቦታ ተነሥቼ ስለ አጥሩ፣ ስለ ቆርቆሮው ተናግሬያለሁ። ያን ቀን ግን ስለ ራሴ ነበር። «የሐጂ ሱሩር ቴምር ንጹሕ ነበር። እኔ ሳልቀምስ ቀመስኩ ብዬ ፈረምኩ። እዚህ ተቀምጬም ስማቸው ሲነሣ ዝም አልኩ» አልኳቸው። አንዲት አሮጊት ከጥግ «ዘቢቡስ?» አሉ።

«ዘቢቡም ንጹሕ ነበር እማማ። ከሳቸው የበለጠ ንጹሕ ዘቢብ በዚህ መንገድ አልፎ አያውቅም።»

ቄሰ ገበዝ አስረስ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። እኔን አላዩኝም። «እኔም ሳልጠይቅ ፈርጄባቸዋለሁ» አሉና መስቀላቸውን ጨብጠው ወደ በሩ ሄዱ። ከበሩ ዞረው «ና እንጂ፤ ከኋላ ተከተል» አሉኝ። ሦስት አራት ሽማግሌ ተነሣ። እኔ ከሁሉም ኋላ ሆኜ በገበያው መሐል አለፍኩ። ወሬው ቀድሞን ኖሮ ሰው ከሱቁ እየወጣ ያየናል።

ሐጂ ቄሱን ሲያዩ ብድግ አሉ። ሁለቱ ሽማግሎች ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። «ይቅር ይበሉን ሐጂ» አሉ ቄሰ ገበዝ። «አላህ ይቅር ይበለን፤ ይግቡ፣ ይግቡ» አሉ ሐጂ። ቄሱ ስለ ዘቢብ ጠየቋቸው። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፈቃዱ የለም፣ ጉልበቱም አልቋል፣ ቆላ ወርዶ የሚለይ ዓይን የላቸውም። ያ እንደቀረ ቀረ። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን።

ከዚያ ሐጂ ያንኑ ሰሐን አመጡና ለቄሱ አቀረቡ፣ ለሽማግሌዎቹ አቀረቡ፣ መጨረሻ ላይ በሩ ጥግ ወደቆምኩት ወደ እኔ መጡ።

«ዛሬ እሑድ ነው» አሉኝ።

አንድ አነሣሁ። እግሬ በልማዱ ወደ ብርሃኑ ሊዞር ሲል አቆምኩት፤ ፊቴን ወደ እሳቸው እንዳደረግሁ አፌ ከተትኩት። አላኘክሁም። ጣዕሙ ዘግይቶ መጣ። ፍሬዋን ራቁቷን እስክትቀር መጠጥኳትና መዳፌ ላይ አወጣኋት። ሐጂ ጎንበስ ብለው ከመዳፌ አነሷት፤ በደከመ ዓይናቸው ወደ ብርሃኑ አድርገው ገለበጥ ገለበጥ እያደረጉ አዩዋት።

«አሁን ቀመስክ» አሉ።